ቢስክሌትም እንደ ልብስ በልክ ይገዛ



የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት አሳብ ሁሉ በዚህ ዐምድ ቦታ እንደማይነፈገው ስለማውቅ፣ ይህችን አነስተኛ አስተያየቴን ለአንባቢዎች ታደርሱልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። ጉዳዩ ለአንዳንዱ ሰው ቀላል መስሎ ይታየው ይሆናል፤ ነገር ግን የብዙ ሰው ጉልበት፣ ወገብና ገንዘብ ያለበት ስለሆነ በዝምታ ሊታለፍ አይገባውም። ይኸውም ቢስክሌት ስንገዛ በዋጋው፣ በቀለሙና በስሙ እንጂ በነጂው ቁመና ልክ አለመምረጣችን ነው።

እኔ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ክፍል፣ በቦረና ወረዳ፣ በመካነ ሰላም ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። አገራችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለ ደጋ ነው፤ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው ቁልቁለትም ሩቅ አይደለም። በዚህ አገር የመንገድ ጓደኛ ሆኖ የኖረው በቅሎ ነው። ዛሬ ግን መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ የግብርና ሠራተኞች፣ እንዲሁም በከተማችን ግቢ ባለው በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩና የሚማሩ ወጣቶች ወደ ቢስክሌት ፊታቸውን መመለስ ጀምረዋል። በአዲስ አበባም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በተባለው ዕለት አውራ ጎዳናው ለእግረኛና ለቢስክሌተኛ ሲለቀቅ አይተናል፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የእግረኛና የቢስክሌት መጓጓዣን የሚያስፋፋ የዐሥር ዓመት ስልት አውጥቷል። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ «ቢስክሌት ንዱ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «የትኛውን ቢስክሌት?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ የሚያነሣ ሰው እስካሁን ብዙ አላየሁም።

የእኛ ሰው ልክን የማያውቅ ሕዝብ አይደለም። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ጨርቅ አይቆርጥም። እናቶቻችን ከሩቅ ገበያ ጫማ ሲያስገዙልን እግራችንን በስንደዶ ለክተው፣ ስንደዶዋን በመንገደኛው እጅ ይልኩ ነበር። አባት ከበቅሎው ወርዶ ልጁን ሲያፈናጥጥም የእርካቡን ጠፍር ያሳጥራል፤ እግሩ እርካብ ያልደረሰ ፈረሰኛ ቁልቁለት ላይ ምን እንደሚያገኘው ያውቃልና። ታዲያ በቅሎዋን እንዲህ በልክ የጫነ ሰው፣ ቢስክሌቱን ሲያስገዛ ለደሴ ወይም ለአዲስ አበባ ዘመዱ ስልክ ደውሎ፣ «አንድ ደኅና ቢስክሌት ፈልግልኝ» ብቻ ይላል። ዘመዱም የወደደውን ይገዛል፤ ቢስክሌቱ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ታስሮ ይመጣል፤ ባለቤቱም ቁመቱን ከብረቱ ጋር ያስተያየው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ይኸው ነው።

ከዚህ የሚመጣውን ጉዳት በዐይኔ አይቻለሁ። አንዲት ተማሪያችን፣ ከገጠር ወደ ትምህርት ቤት የምትመላለስበትን መንገድ ያሳጥርላታል ተብሎ፣ ከአጎቷ ቢስክሌት ተበረከተላት። ስጦታው የፍቅር ነበር፤ ነገር ግን የተሠራው ለረጅም ጎልማሳ ነው። ከኮርቻው ላይ ሆና እግሯ መሬት መንካት አይችልም፤ መሪው ሩቅ ስለ ነበረም ጣቶቿ ፍሬኑን የሚይዙት በጫፋቸው ብቻ ነው። አንድ ቀን በቁልቁለት ላይ ፍየል ገባባትና ወደቀች፤ ክንዷም ተሰበረ። የዚያን ጊዜ ፈተናም አመለጣት። በመንደሩ የተወራው «ቢስክሌት ለሴት ልጅ አይሆንም» ተብሎ ነው። እኔ ግን እላለሁ፤ ያ ቢስክሌት ለዚያች ልጅ አልሆነም እንጂ፣ ቢስክሌት ለሴት ልጅ የማይሆንበት ምክንያት የለም። የልክ ጉድለት የጾታ ጉድለት ተደርጎ ተፈረደባት። ይህ ፍርድ ደግሞ በእርሷ ብቻ አያበቃም፤ ከእርሷ በኋላ ለሚመጡት እኅቶቿ ሁሉ መንገድ ይዘጋል።

አንድ ባልደረባዬ ደግሞ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሰው ናቸው፤ ለወራት ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር። ወጌሻ ታሻቸው፤ ቅባትም ገዙ፤ አልተሻላቸውም። ሲነዱ ሳያቸው ጉልበታቸው ወደ ደረታቸው እየተጠጋ እንደ እንቁራሪት ይታጠፋል። «ጋሼ፣ ጉልበትዎን ትተው መጀመሪያ ኮርቻዎን ያስመርምሩት» አልኋቸው። የኮርቻውን ማሰሪያ ፈትተን አራት ጣት ያህል ከፍ ስናደርገው ሕመሙ በጥቂት ሳምንት ቀለለ፤ ነገር ግን ብረቱ ራሱ ለእርሳቸው ትንሽ ስለ ነበረ፣ የሚገባቸውን ያህል ከፍ ለማድረግ አልተቻለም። የተገዛ ነገር በኋላ የሚታረመው እስከዚህ ብቻ ነው።

እንግዲህ የቢስክሌት ልክ ማለት ምን ማለት ነው? ነገሩ ከመሣሪያው ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በጥንቱ ቢስክሌት፣ የፊት ጎማው ከሰው ደረት በሚደርስበት ዘመን፣ ፔዳሉ በቀጥታ በዚያው ጎማ ላይ ስለ ነበር፣ ሰው ጎማውን የሚመርጠው በእግሩ ርዝመት ነበር። እግሩ አጭር የሆነ ሰው ትልቅ ጎማ ሊነዳ ከቶ አይችልም። በኋላ እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ በ1870ዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1885፣ መጠናቸው የተቀራረበ ሁለት ጎማ ያለውንና በካቴና የሚሄደውን ቢስክሌት ለገበያ ሲያወጣ፣ ጎማው ለሁሉ አንድ ሊሆን ቻለ። ከዚያ ወዲህ ልኩ ከጎማው ወጥቶ ወደ ብረቱ፣ ማለት ፍሬም ወደሚባለው ዋና አካል ዞረ።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ነጋዴውን «ስንት ቁጥር ነው?» ብለን ስንጠይቀው «26» ወይም «28» ይለናል፤ እኛም ልኩን ያወቅን ይመስለናል። ይህ ግን የጎማው ቁጥር ነው፤ ስለ ነጂው የሚናገረው ነገር የለም። በአንድ ዓይነት ጎማ ላይ ለአጭርም፣ ለመካከለኛም፣ ለረጅም ሰውም የሚሆን ብረት ይሠራል። የብረቱ ልክ በጥንቱ ልማድ የሚቈጠረው፣ የፔዳሎቹ ክንድ ከሚዞርበት እምብርት መካከል ጀምሮ፣ ኮርቻው በሚሰካበት ቋሚ ቧንቧ ላይ ወደ ላይ እየለኩ ነው። ለአስፋልት መንገድ የሚሠሩት ቢስክሌቶች አብዛኛውን ጊዜ በዚህ አለካክ ከ48 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይደርሳሉ።

የራስን ልክ ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም። ጫማን አውልቆ፣ ጀርባን ከግድግዳ ጋር አስጠግቶ፣ እግርን አንድ ጫማ ያህል ከፍቶ ቀጥ ብሎ መቆም ነው። ከዚያም ጠንካራ ልባድ ያለው መጽሐፍ በሁለት እግር መካከል አስገብቶ፣ ኮርቻ ላይ የተቀመጡ ያህል እስኪሰማ ድረስ ወደ ላይ አጥብቆ መያዝ፤ ሌላ ሰው ደግሞ ከመሬት እስከ መጽሐፉ የላይኛው ጠርዝ ይለካ። ይህ የውስጥ እግር ልክ ይባላል። ነገሩ የሚያሳፍር አይደለም፤ ሱሪ ሰፊም ይለካዋል። ሦስት ጊዜ ለክቶ መካከለኛውን መውሰድ ይሻላል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር የእንጨት ሥራ ያስተማሩን መምህር፣ ዐሥር ጊዜ ለክታችሁ አንድ ጊዜ ቁረጡ ይሉን ነበር፤ ምክራቸው ለብረትም ይሠራል።

ከዚህ በኋላ ያለው ተራ ሒሳብ ነው። የውስጥ እግሩን ልክ በ0.65 ያባዛ ሰው የሚስማማውን የብረት ቁመት በግምት ያገኛል፤ ቧንቧው እስከ ላይኛው ጫፉ ከተለካ በ0.67 ማባዛት ይቻላል። የውስጥ እግሩ 74 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው ከ48 እስከ 50 ያለውን ይፈልግ፤ 80 የሆነ ከ52 እስከ 54፤ 86 የሆነ ደግሞ ከ56 እስከ 58። በአንድ ሜትር ከሰባ ቁመታቸው የሚተካከሉ ሁለት ወንድማማቾች እንኳ፣ የአንዱ እግር ረጅም፣ የሌላው ደረት ረጅም ከሆነ፣ አንድ ቢስክሌት እኩል አይስማማቸውም። ስለዚህ ጠቅላላ ቁመትን ብቻ ተናግሮ መግዛት አይበቃም።

ኮርቻውም የራሱ ሒሳብ አለው። በ1959 ዓ.ም. ሐምሌይና ቶማስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ፔዳሉ ከታች ሲሆን ከፔዳሉ እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርዝመት የውስጥ እግሩን 109 በመቶ ሲሆን ነጂው ጉልበቱን በሚገባ እንደሚጠቀም ጻፉ። የፈረንሳይን ዙር ሦስት ጊዜ ያሸነፈው አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ ደግሞ የውስጥ እግርን በ0.883 አባዝቶ፣ ከእምብርቱ እስከ ኮርቻው አናት መለካትን አስተዋወቀ። ተማሪዎቼ ሁለቱን እንዲያስተያዩ አድርጌአቸው ነበር። የውስጥ እግሩ 80 ለሆነ ሰው የመጀመሪያው 87.2 ሳንቲ ሜትር ይሰጣል፤ ሁለተኛው 70.6፤ በዚህ ላይ የፔዳሉ ክንድ ርዝመት 17 ሲደመርበት 87.6 ይሆናል። ሁለቱ መንገዶች በግማሽ ሳንቲ ሜትር ውስጥ ተገናኙ ማለት ነው። ሜትር የሌለው ሰው ደግሞ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ተረከዙን በታችኛው ፔዳል ላይ ያሳርፍ፤ እግሩ ቀጥ ካለ ልኩ ደኅና ነው፤ በውስጠ እግሩ ፊተኛ ክፍል ሲረግጥ ጉልበቱ በመጠኑ ይታጠፍለታል። ጉልበቱን ከፊት ለፊት የሚያመው ሰው ኮርቻው ዝቅ ብሎበት እንደ ሆነ፣ ከኋላ የሚያመውና ዳሌው ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ደግሞ ከፍ ብሎበት እንደ ሆነ አስቀድሞ ይመርምር።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በኮርቻው ቧንቧ ላይ ከዚህ በላይ አይውጣ የሚል ምልክት ተቀርጿል። ብረቱ ትንሽ የሆነበት ሰው ያን ምልክት አልፎ ከፍ ካደረገው፣ ቧንቧው በጉዞ መካከል ሊሰበር ይችላል። ኮርቻ ከፍና ዝቅ ማድረግ የሚረዳው ብረቱ ከልኩ ጋር ሲቀራረብ ብቻ መሆኑን ይህ ምልክት ራሱ ይመሰክራል።

ቁመቱ ብቻም አይደለም፤ ርዝመቱም ይታይ። ከኮርቻው እስከ መሪው ያለው ርቀት ከነጂው ደረትና ክንድ ጋር መስማማት አለበት። መሪው ሩቅ የሆነበት ሰው ክንዱን ገትሮ፣ አንገቱን ቀልብሶ ይሄዳል፤ መዳፉ ይደነዝዛል፤ ወገቡም ይታመማል። ቅርብ የሆነበት ደግሞ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ይጋጫል። በተለይ በ1980ዎቹ መጨረሻ ጃያንት የተባለው የታይዋን ፋብሪካ፣ እንግሊዛዊው ማይክ ባሮውስ በነደፈው መሠረት የላይኛውን አግዳሚ ወደ ኋላ እንዲያዘቀዝቅ አድርጎ ከሠራ በኋላ፣ ብዙ ፋብሪካዎች ይህን አሠራር ተከትለው ልኩን «ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ» ብለው መጻፍ ጀምረዋል። በእንዲህ ያለው ቢስክሌት የቋሚው ቧንቧ ቁመት ብቻውን ሊያሳስት ስለሚችል፣ ነጂው ተቀምጦበት ክንዱ ክርኑ ላይ ጥቂት ታጥፎ፣ ጣቶቹም ፍሬኑን ያለ ጭንቅ መጨበጣቸውን ይመልከት። በመጨረሻም አግዳሚውን በሁለት እግሩ መካከል አድርጎ መሬት ላይ ይቁም፤ በአስፋልት ለሚነዳ ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይትረፈው፤ በጠጠር መንገድ ለሚነዳ ከዚያ ላቅ ይበል። በሁለት ልክ መካከል ያመነታ ሰው ትንሹን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ትንሹን በኮርቻና በመሪ አንገት ጥቂት ማሳደግ ይቻላል፤ ትልቁን ማሳጠር ግን አይቻልም።

ይህ ሁሉ በሜዳ አገር ትንሽ ቸል ቢባል መንገዱ ራሱ ሰውን ሊምረው ይችላል። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ቢስክሌትም የከተማዋ ልማድ ሆኖ ኖሯል። የቦረና ደጋ ግን እንደዚያ አይደለም። በዳገቱ ላይ አየሩ ስስ ስለ ሆነ እስትንፋስ ውድ ነው፤ ኮርቻው ዝቅ ያለበት ነጂ ያችኑ እስትንፋስ በከንቱ ይከፍላታል። በቁልቁለቱ ደግሞ ፍሬን ያልደረሰበት ጣት የሞት ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ልክን ማወቅ ለደገኛ የቅንጦት ነገር ሳይሆን የደኅንነት ነገር ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ይህ ለውድድር ሰው እንጂ ለእኛ ምን ያደርጋል?» ይሉ ይሆናል። እርግጥ ነው፣ በዚህ ረገድ የምንኮራባቸው ሰዎች አሉን። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም.፣ በሜልቦርን ከሯጮቻችን ጋር ቢስክሌተኞቻችንም ነበሩ፤ ከእነርሱም ገረመው ደንቦባ በመንገድ ውድድር 24ኛ ሆነው ጨርሰዋል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በፈረንሳይ ዙር የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ነገር ግን የውድድር ሰው ልኩን የሚያስተካክልለት ባለሙያ በአጠገቡ አለው፤ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ከቤቱ ወደ ሥራው የሚነዳ የጤና ሠራተኛ ግን ማንም የለውም። ከሁለቱ ማን ምክር ይበልጥ እንደሚያስፈልገው ለአንባቢ ፍርድ እተወዋለሁ።

ሌሎች ደግሞ «ድኻ ያገኘውን ይንዳ፤ ምርጫ የሀብታም ነው» ይላሉ። ይህ አነጋገር የሚያዝን ይመስላል እንጂ የሚጠቅም አይደለም። ትክክለኛው ልክ ከተሳሳተው ልክ አይወደድም፤ በአንድ ዋጋ፣ በአንድ መደብር፣ ጎን ለጎን ቆመው ይሸጣሉ። መለካትም ገንዘብ አያስወጣም። እንዲያውም ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ሰው ዳግመኛ መግዛት ስለማይችል፣ መጀመሪያ ሲገዛ ይበልጥ መጠንቀቅ ያለበት እርሱ ነው። «ልጁ ያድግበታል» ብለው ትልቅ ቢስክሌት የሚገዙ ወላጆችም ያስቡበት። ሰፊ ኮት እጅጌው ይታጠፋል፤ ረጅም ብረት ግን አይታጠፍም፤ ልጁም እስኪያድግ ድረስ የሚወድቀው በየቀኑ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የማሳስበው በየመሥሪያ ቤቱ በግዢ ክፍል ያሉትን ወገኖቼን ነው። ለመስክ ሠራተኞች ቢስክሌት በጨረታ ሲገዛ፣ በዝርዝሩ ላይ ብዛቱና የጎማው ቁጥር ይጻፋል፤ ልኩ ግን አይጻፍም። በመሆኑም ሁሉም አንድ ልክ ሆኖ ይመጣል። አጭሯ የጤና ባለሙያና ረጅሙ የግብርና ሠራተኛ አንድ ዓይነት ይረከባሉ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ የሁለቱም ቢስክሌት በመጋዘን ጥግ አቧራ ይጠጣል፤ ሪፖርቱ ላይ ግን «ሠራተኞቹ መንዳት አልፈለጉም» ተብሎ ይጻፋል። ለዘበኞች እንኳ የደንብ ልብስ ሲሰፋ ሰውየው ይለካል። ለመንግሥት ንብረትም እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ማድረግ የሚያዳግት አይመስለኝም።

ስለዚህ የሚከተለውን በትሕትና አሳስባለሁ። መሥሪያ ቤቶች ጨረታ ከማውጣታቸው በፊት ሠራተኞቻቸውን ለክተው፣ ስንቱ ትንሽ፣ ስንቱ መካከለኛ፣ ስንቱ ትልቅ ልክ እንደሚያስፈልጋቸው በዝርዝሩ ይጻፉ፤ ቀሚስ ለሚለብሱም አግዳሚው ዝቅ ያለው ይታሰብላቸው፤ እርሱም ቢሆን «የሴት ነው» ተብሎ ብቻ ሳይለካ አይገዛ። ነጋዴዎችም አንድ ሜትር በመደብራቸው ይስቀሉ፤ የብረቱንም ልክ ከዋጋው ጎን ይጻፉ፤ ደንበኛቸው ሲመቸው ሌላ ደንበኛ ይዞላቸው ይመጣል። እኛ መምህራን ደግሞ ማባዛትንና በመቶኛ መቁጠርን ስናስተምር፣ ተማሪዎቻችን የራሳቸውን እግር እንዲለኩ እናድርግ፤ ከሰውነቱ ጋር የተያያዘ ሒሳብ ከተማሪ አእምሮ አይጠፋም። በዘመድ እጅ የሚያስገዛ ሰውም የእናቶቻችንን ብልኀት ይከተል። የውስጥ እግሩን በሲባጎ ለክቶ፣ ጫፉ ላይ ቋጥሮ፣ ሲባጎውን ይላክ፤ ወይም ቁጥሩን በስልክ ይናገር።

ያች ተማሪ ክንዷ ድኗል፤ ትምህርቷንም ቀጥላለች፤ ነገር ግን ዛሬም ወደ ትምህርት ቤት የምትመጣው በእግሯ ነው። ለእርሷ የሚሆን ቢስክሌት በዓለም ላይ ስላልተሠራ አይደለም። ተሠርቷል፤ በደሴም በአዲስ አበባም ይሸጣል። ያጣችው ከመግዛቱ በፊት የሚለካላት ሰው ብቻ ነው።



ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከመካነ ሰላም